በረሃ ላይ የሚያድር ጀልባ

«በረሃ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ ይዞራል። አንደኛው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው፤ አሸዋ፣ ግመል፣ ዝናብ የማያውቀው ሜዳ። ሁለተኛው ግን የደገኛው የራሱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ጎሃ ጽዮን ላይ ጃኬቱን ጥርቅም አድርጎ የዘጋው ተሳፋሪ ቁልቁለቱ ሲጀመር ዚፑን ይከፍታል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ የፍሬን ሽታ ይመጣል፤ ከኋላ አንዱ «በቃ አባይ በረሃ ገባን» ይላል። አሸዋ የለም፣ ግመልም የለም። ያለው ገደል ነው። ደገኛው ለምድረ በዳውም ለጥልቁ ሸለቆም አንድ ቃል ሰጥቶ አረፈ፤ ለእሱ ሁለቱም ይሞቃሉ፣ ሁለቱም ንዳድ አለባቸው፣ ሁለቱንም ቶሎ አቋርጦ መውጣት ነው።

ወደዚህ በረሃ የሚወርዱት ሰዎች ዓይነትም የታወቀ ነው። ሽፍታ ይወርዳል፤ «በረሃ ገባ» ማለት «ሸፈተ» ማለት እስኪሆን ድረስ። ባሕታዊ ይወርዳል፤ ከሰው ለመራቅ። ሲራራ ነጋዴ ይወርዳል፤ ግን ማዶ ለመውጣት። በጣሊያን ጊዜ አርበኛ፣ በደርግ ጊዜ ታጋይ ወርዶበታል። ለእረፍት የሚወርድ ሰው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ከላስ ቬጋስ የላከችው ሐሳብ ቤተሰቡን ግራ ቢያጋባ አይገርምም። ጥር ላይ ትመጣለች። ለአንድ ሳምንት ሁላችንም፣ ወላጆቻችንን ጨምሮ፣ አንድ ላይ እንድናርፍ ትፈልጋለች። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ሌክ ፓውል የሚባል ቦታ ሄዳ ነበር፤ ከቬጋስ በመኪና አራት አምስት ሰዓት ነው። እዚያ ሃውስቦት ተከራይተው፣ ማለትም መኝታ ክፍልና ወጥ ቤት ያለው ጀልባ፣ በቀይ ገደሎች መሀል ሳምንት ሙሉ ውሃ ላይ አደሩ። ቪዲዮውን በቴሌግራም ላከችና «እኛ አገር እንዲህ ያለ የለም?» አለች።

እኛ ቀራንዮ ነን። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በጅማ መስመር የጭነት መኪና ነድቷል። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ካየ በኋላ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ «ጊቤ በረሃን ሠላሳ ዓመት ስሸሸው ኖሬ አሁን ከፍዬ ልደርበት?» እማዬ ደግሞ «ውሃ ላይ ይታደራል እንዴ?» አለች። ታሪክ ስላጠናሁ ይሁን ሥራ ፈት መስያቸው፣ እቅዱን የማውጣቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። እቅዱን ሳወጣ የተከተልኩት መንገድ ይኸው፤ መጀመሪያ የወሰደኝ ወደ አሜሪካ ነው።

*

ሌክ ፓውል ሐይቅ ይባላል እንጂ ሐይቅ ሆኖ አልተፈጠረም። የኮሎራዶ ወንዝ በአሪዞናና በዩታ መካከል የቆረጠው ግሌን ካንየን የሚባል ሸለቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 የግድብ ሥራ ተጀመረ፣ በመጋቢት 1963 ውሃው ተዘጋ፣ ከዚያ ሸለቆው እስኪሞላ 17 ዓመት ፈጀ። ግድቡ 216 ሜትር ይረዝማል፤ ከኋላው የተኛው ውሃ ሲሞላ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ጀልባ የሚከራየው፣ ቤተሰብ በርገር የሚጠብስበት ሐይቅ ይኼ ነው።

ስሙ የተወሰደው ከጆን ዌስሊ ፓውል ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ አንድ እጁን ያጣ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1869 በእንጨት ጀልባዎች ኮሎራዶን ቁልቁል ወርዶ ለሸለቆው «ግሌን ካንየን» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ራሱ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሸለቆውን ያሰጠመው ውሃ በስሙ ተጠራ። እንዲህ ያለውን ምርቃት ጠላትም አይመርቅ።

ውሃው በተዘጋበት ዓመት ሴራ ክለብ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማህበር ስለ ሸለቆው አንድ የፎቶግራፍ መጽሐፍ አወጣ፤ ርዕሱ «ማንም ያላወቀው ስፍራ» የሚል ነበር። ጸጸት ያለበት ርዕስ ነው፤ ቀድመን ብናውቀው ኖሮ እናድነው ነበር ለማለት። ግን ናቫሆዎች ያውቁት ነበር። በጎን ሸለቆ ውስጥ ያለው ሬይንቦ ብሪጅ የሚባለው የድንጋይ ቅስት ለእነሱ ቅዱስ ስፍራ ነው። ከእነሱ በፊትም በገደሉ ውስጥ ቤት የሠሩ፣ ድንጋይ ላይ የሳሉ ሕዝቦች ነበሩ፤ አርኪዮሎጂስቶች ውሃው ሳይቀድማቸው ለመመዝገብ ተሯሩጠዋል። «ማንም» የሚለው ቃል ሁልጊዜ መጠየቅ አለበት። ማንም ማለት ማን ነው?

ግድቡን የሠራው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን ይባላል። ይህን ስም ያዙት፤ የአክስቴ ልጅ ሐይቅና የእኛ በረሃ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

*

ቢሮው በኮሎራዶ ላይ ኮንክሪት እያፈሰሰ በነበረበት በዚያው ወቅት፣ ከ1958 እስከ 1964 እ.ኤ.አ.፣ ባለሙያዎቹ አባይ ሸለቆ ውስጥ ነበሩ። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት የአባይን ተፋሰስ አጠኑ፤ ውሃ ለኩ፣ ካርታ አነሱ፣ ድንጋይ መረመሩ። ጊዜው ቀላል ጊዜ አልነበረም። ግብፅ በሶቪየት እርዳታ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ልትሠራ ነው፤ በ1959 ግብፅና ሱዳን የናይልን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ለሁለት ተካፍለውታል። ዋናው ምንጭ ያለባት አገር ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም።

የጥናቱ ሪፖርት በ1964 ወጣ። በአባይ ዋና መስመር ላይ ለትልልቅ ግድቦች የሚሆኑ አራት ቦታዎችን ጠቁሟል፦ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ፣ እና «ቦርደር» ማለትም ድንበር። የመጨረሻውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በሌላ ስም ነው እንጂ። በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም የመሠረት ድንጋይ ተቀምጦለት በጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ የቆመው በዚያ የድንበር አካባቢ ነው።

ታሪኩን እንዲህ ሳየው አንድ ነገር ገባኝ። «እኛ አገር እንዲህ ያለ የለም?» የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። የዛሬ 60 ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ሸለቆዎች ጎን ለጎን ተዘርግተው ነበር። አንዱ ወዲያው ሐይቅ ሆነ፣ ሌላው ግማሽ ምዕተ ዓመት ጠበቀ። ልዩነቱ የገደሉ ጥልቀት አልነበረም፤ ገንዘብና ፖለቲካ ነበር።

*

ከግድብ በፊትስ? በዚህ በረሃ በጀልባ ለመሄድ የሞከረ ነበር ወይ? ነበር፤ አብዛኛው ግን የውጭ ሰው ነው፣ አብዛኛውም አልቀናውም።

በግንቦት 1894 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1902) አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራረሙ፤ በጥቁር አባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት እንዳይሠራ የሚል። በዓመቱ ማክሚላን የሚባል ሀብታም አሜሪካዊ የብረት ጀልባዎች አስጭኖ መጣ፤ ከሸዋ በኩል አባይን ቁልቁል ወርዶ ሱዳን ሊደርስ። ጀልባዎቹ ገና ከመነሻቸው ብዙም ሳይርቁ ዓለት ላይ ተሰባበሩ። የብረቱ ነገር እዚያው አበቃ።

ከዚያ ቺዝማን መጣ። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረ ሰው ነው። እሱ ጀልባውን ተወውና እንደ አገሬው በእግሩና በበቅሎ ሸለቆውን ዳር ዳሩን ተከትሎ ካርታ አነሳ። የተሳካለት ለዚህ ይመስለኛል፤ በረሃውን እንደ አገሬው ለመሄድ በመስማማቱ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ብላሽፎርድ-ስኔል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን በንጉሡ ፈቃድ ትልቅ ቡድን ይዞ በሚነፉ የጎማ ጀልባዎች አባይን ወረደ። ሽፍታ ተኮሰባቸው፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ውሃ በላው። በ1973 ደግሞ ወጣት አሜሪካውያን የጎማ ጀልባ ቀዛፊዎች አዋሽንና ኦሞን ወረዱ፤ ድርጅታቸውን ሶቤክ ብለው የሰየሙት በጥንታዊ ግብፆች የአዞ አምላክ ነው። ኦሞ ላይ አዞውም ጉማሬውም ስሙን አላሳፈረም።

እነዚህን ታሪኮች ወጣት ሆኖ ማንበብ ደስ ይላል፤ ጀብዱ ናቸውና። ግን አንድ ነገር ይደጋግማሉ። «ያልታወቀው ወንዝ» ይላሉ። በአባይ ዳር ጉሙዝ ሲያርስ፣ ሲያጠምድ፣ ወርቅ ሲያጥብ ኖሯል። ጣና ላይ ወይጦ ከደንገል በሠራት ታንኳ ላይ ዘመኑን ቆጥሯል። ኦሞ ዳር ያሉት ሕዝቦች የወንዙን ሙላትና ጉድለት የቀን መቁጠሪያቸው አድርገውታል። ፈረንጁ «ያልታወቀ» ሲል ደገኛውም «በረሃ» ይላል። ሁለቱ ቃላት የሚመስሉኝ ወንድማማቾች ናቸው።

*

እንግዲህ ወደ እቅዱ። በካርታ ላይ አራት አማራጭ ነበረኝ።

ጣናን ሁሉም ሰው መጀመሪያ ይጠራል። ገዳማቱ አሉ፣ ጎርጎራ አለ፣ ጀልባ ለምዷል። ግን ጣና ሸለቆ ውስጥ ያለ ሐይቅ አይደለም፤ ዋናው ነገር ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ነው። እናቴን ይዤ በእረፍት ስም ወደዚያ አልሄድም። ሰው የሚሞትበት መንገድ ላይ ሽርሽር ደስ አይልም።

ለሌክ ፓውል በመልክ የሚቀርበው ተከዜ ነው። በዋግ ኽምራና በትግራይ መካከል፣ ደረቅ ገደል መሀል ያለ ውሃ። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት ግድብ ነው፤ በኅዳር 2002 ተመረቀ፣ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከተራራ ቆመው ሲያዩት ሰማያዊው ውሃና ቡናማው ድንጋይ ቪዲዮውን ይመስላል። ግን በ2013 ጦርነት የተከዜ ድልድይ ፈርሶ ወንዙ እንደ ጥንቱ ድንበር ሆኖ ነበር። ተከዜ ገና ከቁስሉ አልዳነም።

ሦስተኛው ንጋት ሐይቅ ነው፤ የህዳሴው ግድብ የወለደው። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ደሴቶች አሉት። ከጣና የሚሰፋ አይደለም፣ ግን በጥልቀቱና በያዘው ውሃ ይበልጠዋል። አንድ ቀን ሃውስቦት የሚንሳፈፍበት እዚያ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ከውሃው ስር የነበሩት የጉሙዝ መንደሮች ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል፤ መተከል ደግሞ በ2012 እና በ2013 ያፈሰሰችው ደም ገና ትኩስ ነው።

የቀረው አራተኛው ነው፤ የአባዬ ጠላት፣ ጊቤ። ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ የሚባለው።

*

ግልገል ጊቤ ሦስት በ1998 ዓ.ም ተጀመረ፤ በጥር 2007 ውሃ መያዝ ጀመረ፣ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። ከ240 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከግሌን ካንየን ግድብ ይበልጣል ማለት ነው። አሥር ተርባይኖቹ በድምሩ 1,870 ሜጋ ዋት ይሰጣሉ። ከኋላው ያለው ሐይቅ ጠባብና ረጅም ነው፤ በወላይታና በዳውሮ ገደሎች መካከል እየተጠማዘዘ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ዳር ላይ ሀላላ ኬላ የሚባል ማረፊያ አለ፤ በነሐሴ 2012 ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ሥር ከኮይሻ ፕሮጀክት ጋር የተሠራ። የሚታደረው የብስ ላይ ነው፤ ቀን በጀልባ ይወጣል። ለእማዬ ይህ ትልቅ የምሥራች ነበር።

ስሙ ግን ከሆቴል በፊት የነበረ ስም ነው። ካቲ ሀላላ የዳውሮ ንጉሥ ነው፤ «ካቲ» ማለት ንጉሥ ነው። «ኬላ» ስንል እኛ ቀረጥ የሚከፈልበት፣ መኪና የሚፈተሽበት ቦታ ይመጣብናል። በዳውሮ ግን ኬላ ማለት ከድንጋይ የተካበው መከላከያ ግንብ ነው። ጭቃም ኖራም የለውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ በብዙ ነገሥታት ዘመን የተጀመረና የተቀጠለ፣ ፍጻሜውና ስሙ ለሀላላ የተሰጠ። ከወንዙ ማዶ የሚመጣን ጦር ለመመከት ኦሞን ይዞ በተራራው ጎን ረጅም ርቀት ይጓዛል፤ በር በርም አለው።

ልብ በሉ፤ ዳውሮዎች በረሃውን ባዶ ነው ብለው አላሰቡም። ባዶ ቦታ ላይ ማን ግንብ ይሠራል? ለእነሱ ሸለቆው የአገራቸው በር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ጣሊያናዊው ቦተጎ ኦሞን ተከትሎ ወርዶ ወንዙ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ ለአውሮፓ ሲያረጋግጥ፣ እነሱ ግንባቸውን ሠርተው ከጨረሱ ቆይተዋል።

አሁን የሚያስቸግረው ክፍል። አንድ ግድብ ሁለት ወገን አለው፦ ከኋላውና ከፊቱ። የእረፍት ማስታወቂያ የሚያሳየው ከኋላ ያለውን ውሃ ነው። ከፊቱ፣ ወደ ታች፣ ቦዲ፣ ሙርሲ፣ ካራ፣ ኛንጋቶም፣ ዳሰነች አሉ። እነዚህ ሕዝቦች ክረምት ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን አሙልቶ ዳርቻውን ሲያለብስላቸው፣ ውሃው ሲሸሽ ደለሉ ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ማረሻ የለም፣ ማዳበሪያ የለም፤ ጎርፉ ራሱ ገበሬ ነበር። ግድቡ ውሃውን ዓመቱን ሙሉ እኩል እያደረገ ሲለቅ ያ ጎርፍ ቀረ። በእቅዱ ላይ ሆን ተብሎ የሚለቀቅ ጎርፍ ተጽፎ ነበር፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። የስኳር እርሻውም በዚያው ሸለቆ መጣ። በ2018 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የቱርካና ሐይቅ ፓርኮችን አደጋ ውስጥ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባ።

ከዚያስ? ሁሉም የፈራው ቱርካና ይደርቃል ብሎ ነበር። የሚቀጥሉት ዓመታት ከባድ ዝናብ አመጡና ሐይቁ በተቃራኒው ሞላ፤ ዳሰነች ውስጥ ውሃው ቤትና ግጦሽ ዋጠ። የሚፈለገው ጎርፍ ቀርቶ የማይፈለገው መጣ ማለት ነው። ይህን የምለው ተንባዮችን ለማሳጣት አይደለም፤ በካርታ ላይ የሚሠራ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ወንዝን ከሚያውቁት ሰዎች ሳይጠይቅ መናገር እንደሚያስቸግረው ለማሳየት ነው።

ግን ይሄን የምጽፈው በመብራት ነው። ቀራንዮ ውስጥ በልጅነቴ በፈረቃ የሚመጣ መብራት አስታውሳለሁ፤ ሻማ ሥር የቤት ሥራ ሠርቻለሁ። እቤታችን ካለው ስቶቭ ውስጥ የኦሞ ውሃ እንዳለ አውቃለሁ። «ግድብ መጥፎ ነው» ብሎ በስልክ መጻፍ፣ ያንኑ ስልክ ቻርጅ እያደረጉ፣ ቀልድ ነው። «ግድብ እድገት ነው፣ ሌላው ዝም ይበል» ማለት ደግሞ ከቀልድ የባሰ ነው። ሁለቱንም አላደርግም። ያለኝ ትንሽ ነገር ሰባት ቀን ነው፤ በእነሱ ምን አያለሁ የሚለውን መወሰን እችላለሁ።

*

እቅዱን ስሠራ አባዬ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔ ከመጽሐፍ ካገኘሁት ሁሉ ይበልጣል። «የኛስ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» አለ።

ቤታችን አጠገብ የሚያልፈው ወራጅ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ በኩል ተነስቶ የከተማዋን ምዕራብ እያቋረጠ፣ የኮልፌን ቆሻሻ፣ የቆዳና የጨርቅ ፋብሪካ ቀለም እየተቀበለ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። አባ ሳሙኤል የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ 6.6 ሜጋ ዋት፣ ለዛሬ ጆሮ ምንም፣ ለዚያን ዘመን አዲስ አበባ ግን ብርሃን። ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2009 ዓ.ም በቻይና ድጋፍ ታድሷል። ከዚያ ውሃው አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ በ1952 ዓ.ም ከጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው ቆቃ ይታገዳል። ከቆቃ በኋላ መተሐራን አልፎ አፋር ይደርሳል፤ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል።

ማለትም የቀራንዮ ውሃ መጨረሻው በረሃ መሀል ያለ ሐይቅ ነው፤ ያኛው የእውነቱ በረሃ። እኛም ከላይ ያለን ሰዎች ነን። ጓሮአችን የምንደፋው ነገር ለሆነ ሰው ከታች ይደርሰዋል። የኦሞ ሰዎች ስለ ግድቡ የሚጠይቁትን ጥያቄ አዋሽ ዳር ያለ አፋር እኛን ሊጠይቀን ይችላል፤ የሚጠይቀን ስለሌለ ነው የረሳነው።

*

እንግዲህ ለቤተሰቡ የላክሁት እቅድ ይህ ነው። እናንተም የምታስቡ ከሆነ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ጊዜው ጥር መሆኑ ጥሩ ነው። የግድብ ሐይቅ እንደ ተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም፤ ዳርቻው ይንቀሳቀሳል። ከክረምት በኋላ ይሞላል፣ በበጋ መብራት ለማመንጨት እየተለቀቀ እስከ ግንቦት ሰኔ ይወርዳል። ውሃው ሲሸሽ ገደሉ ላይ የነጣ ቀለበት ይተዋል፤ ሰጥሞ የነበረ የዛፍ ግንድም ብቅ ይላል፣ ለጀልባ ደግሞ አደገኛ ነው። ሌክ ፓውልም እንዲሁ ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በድርቁ ምክንያት ከአቅሙ ሩብ በታች ወርዶ፣ ሞቷል የተባለው ሸለቆ ከነድንጋዩ ብቅ ብሎ ነበር።

አንደኛው ቀን አባ ሳሙኤል ነው። ሩቅ አይደለም፣ ለሽርሽርም አያምርም፤ ሽታም አለው። ግን ከራሳችን ውሃ እንጀምር ብያለሁ። ሁለተኛው ቀን መንገድ ነው፤ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን ወላይታ ሶዶ እናድራለን። በሦስተኛው ሶዶን አልፈን ወደ ተርጫ አቅጣጫ፣ ሐይቁ ዳር። አራተኛውና አምስተኛው ቀን የውሃ ነው። ጠዋት ጠዋት ጀልባ፤ ከሰዓት በኋላ ሸለቆ ውስጥ ነፋስ ስለሚነሳ እንመለሳለን። ለሁሉም የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ለሁሉም አጎበር፤ ንዳዱ ግድብ ስለተሠራ አልጠፋም። አምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኬላውን እንወጣለን፤ የአካባቢው ሰው መንገድ እየመራን፣ ለእሱም በወግ እየከፈልን። ታሪኩን ከእኔ ሳይሆን ከእሱ እንሰማለን።

ስድስተኛው ቀን ላይ ክርክር ተነሳ። የአክስቴ ልጅ ሌላ የጀልባ ቀን ትፈልግ ነበር። እኔ ወደ ደቡብ፣ ወደ ግድቡ ፊት፣ መሄድ ፈለግሁ፤ ግን ኦሞራቴ ከዚያ በአንድ ቀን አይደረስም፣ እማዬም ያን ያህል መንገድ አትችልም። ፎቶ ለማንሳት ብቻ ሰው መንደር ሄዶ መመለስም ደግሞ የሚያስጠላ ነገር አለው። በመጨረሻ እንዲህ አልን፦ ስድስተኛው የእረፍት፣ ሰባተኛው የመመለሻ ይሁን፤ እኔና የአክስቴ ልጅ ግን ቤተሰቡን ከመለስን በኋላ፣ እሷ ካሏት የቀሩ ቀናት ላይ ሦስቱን ሰጥታ፣ በአርባ ምንጭና በጂንካ አድርገን እስከ ኦሞራቴ እንወርዳለን። ሐይቁን ያየን ሰዎች ወንዙ የሚያልቅበትን ሳናይ «ኦሞን አየን» አንልም። ሳቀችና «እኔ እረፍት ነበር ያልኩት፣ አንተ የምርምር ጉዞ አደረግኸው» አለች። ቲኬቷን ግን በአራት ቀን ገፋችው።

አባዬ እቅዱን አንብቦ አንድ እርማት ብቻ ነው የሰጠው። ስንመለስ በሆሳዕና ሳይሆን በጅማ እንዙር አለ፤ በተርጫ አድርገን ወደ ጅማ፣ ከዚያ በድሮ መስመሩ ወደ አዲስ አበባ። መንገዱ ይረዝማል አልኩት። «ይርዘም» አለ። ጊቤ ድልድይ ጋ መኪናው እንዲቆምለት ይፈልጋል። ሠላሳ ዓመት ሲያልፍበት ሞተር አጥፍቶ አያውቅም፤ ረዳቱ ጎማ በእጁ ነክቶ ሙቀቱን አይቶ፣ ወዲያው ሽቅብ። «አንድ ቀን እንኳ ውሃው ምን ድምፅ እንዳለው አልሰማሁም» አለኝ።

እቅዱ ላይ ጨምሬዋለሁ። ጊቤ፣ ሰባተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግማሽ ሰዓት። እማዬ ደግሞ አጠገቡ በእስክሪብቶ «ቡና በፔርሙስ» ብላ ጻፈችበት።